ብረት ማንሳት ለጀመራችሁ፦ ደብተር፣ ሦስት ቀን እና 2.5 ኪሎ

የእህቴ ልጅ ብረት ማንሳት ስትጀምር የገዛሁላት ጓንት አይደለም። ቀበቶም አይደለም። ቀጭን የተማሪ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ማክሰኞ። ስኳት 20 ኪሎ፣ 5-5-5። ቀላል።» ስኳት ማለት ረጅም የብረት ዘንግ (ባር) ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት ነው፤ 5-5-5 ደግሞ ሦስት ጊዜ አምስት አምስት። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ፦ «ቅዳሜ። ስኳት 47.5 ኪሎ፣ 5-5-5። መጨረሻው ከበደኝ፣ ግን ወጣ።» በእነዚህ ሁለት ገጾች መሃል የተደበቀ ምስጢር የለም። ጂም በሄደች ቁጥር 2.5 ኪሎ ጨመረች። ጻፈች። በላች። ተኛች።

ጀማሪ አንድ ትልቅ ዕድል አለው። ሰውነቱ ለብረት እንግዳ ስለሆነ በትንሽ ነገር ይነቃል። ዛሬ 30 ኪሎ ያነሳ ሰው ሁለት ቀን አርፎ 32.5 ያነሳል። ለዓመታት የሠራ ሰው ይህችኑ 2.5 ኪሎ ለመጨመር ወር ሊፈጅበት ይችላል። ይህ ፈጣን ጊዜ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ሳናውቀው እናባክነዋለን።

እኔ አባክኜዋለሁ። ስጀምር ሰፈራችን ካለ ጂም ገባሁና ከሁሉም የገዘፈውን ሰው አየሁ። እሱ የሚሠራውን መሥራት ጀመርኩ። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ክንድ፣ ረቡዕ ትከሻ። እግር አልሠራም ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቼ ቆመው እያዩኝ ቤንች ፕሬስ ላይ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት ላይ፣ በአንዴ 10 ኪሎ ጨመርኩ። ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሳብ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ያህል ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ሳነሳ ያመኝ ነበር። ሲሻለኝ ተመልሼ ሄድኩ። ግን ከመጎዳቴ በፊት ስንት ኪሎ አነሳ እንደነበር አላስታወስኩም። የትም አልጻፍኩትማ።

ከዚህ በታች ያለው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለው ነው። ወንድም ሴትም፣ ሃያ ዓመትም አርባ አምስት ዓመትም ይሁናችሁ፣ አካሄዱ ያው ነው። የሚለያየው የምትጀምሩበት ኪሎ ብቻ ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ወይም የቆየ የወገብ ጉዳት ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

ጭማሪ ለምን ዋናው ነገር ሆነ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ቶማስ ዲሎርም የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቺካጎ ውስጥ የተጎዱ ወታደሮችን ያክም ነበር። የጊዜው ልማድ ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ ማነሳሳት ነበር። እሱ ግን ለደከመው እግር ከባድ ብረት በጥቂት ድግግሞሽ ሰጠ። እግሩ በጠነከረ ቁጥር ብረቱን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1945 ውጤቱን አሳተመ። ዛሬ በየጂሙ የምንሠራው የሦስት ዙር ልማድም ከእሱ ሥራ ጋር ይያያዛል።

ነገሩ ቀላል ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ትንሽ ሲጠየቅ ነው። ያው ኪሎ፣ ያው ድግግሞሽ ለስድስት ወር ከተደጋገመ የሚጠነክርበት ምክንያት የለውም። በአንዴ ብዙ ከተጠየቀ ደግሞ ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምታገኙት ጉልበት አብዛኛው ከጡንቻ መግዘፍ አይደለም። አእምሮና ነርቭ ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ሲለምዱ የሚመጣ ነው። ስለዚህ መስታወት ፊት ቆማችሁ ለውጥ ባታዩ አትደንግጡ። ደብተሩ ቀድሞ ያሳያችኋል።

አንደኛ፦ ብረቱን መዝኑት

አዲስና የተሟላ ጂም የምትሄዱ ከሆነ ይህን እለፉት። ደረጃውን የጠበቀ የወንዶች ባር 20 ኪሎ፣ የሴቶች 15 ኪሎ ነው። ፕሌቶቹም፣ ማለትም ባሩ ጫፍ ላይ የሚገቡት ክብ ክብደቶች፣ ላይ ኪሎው ተጽፏል።

የሰፈር ጂም ግን ሌላ ነው። ባሩ የውኃ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ በጣሳ ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ብዙ ሰው ጠንክሯል፣ አትናቁት። ችግሩ ኪሎው አለመታወቁ ነው። እኛ «አሥር አሥር» የምንላቸውን ሁለት የሲሚንቶ ክብደቶች አንድ ቀን ተሸክመን ወፍጮ ቤት ወሰድናቸው። እህል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አንዱ 9.2፣ ሌላው 11.4 ኪሎ ወጣ። ባሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድለው ለምን እንደነበር ያን ቀን ገባን። መዝናችሁ ትክክለኛውን ቁጥር በማርከር ጻፉበት። ባሩንም መዝኑ። ተቀራራቢዎቹን አጣምሩ። የማይታወቅ ነገር ላይ 2.5 ኪሎ መጨመር አይቻልም።

ሁለተኛ፦ አምስት እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን

ዙር ስል ጂም ውስጥ «ሴት» የሚባለውን ማለቴ ነው። ድግግሞሽ ደግሞ «ሬፕ» ነው። 5-5-5 ማለት ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ አምስት ድግግሞሽ።

ቀን ሀ፦ ስኳት 3 ዙር በ5፤ ቤንች ፕሬስ 3 ዙር በ5፤ ዴድሊፍት፣ ማለትም ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም፣ 1 ዙር በ5።

ቀን ለ፦ ስኳት 3 ዙር በ5፤ ሾልደር ፕሬስ፣ ማለትም ቆሞ ባሩን ከራስ በላይ መግፋት፣ 3 ዙር በ5፤ ሮው፣ ማለትም ጎንበስ ብሎ ባሩን ወደ ሆድ መሳብ፣ 3 ዙር በ5።

በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራላችሁ፣ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ። አንደኛው ሳምንት ሀ-ለ-ሀ፣ ሁለተኛው ለ-ሀ-ለ። በመሃል ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር።

«ይቺ ብቻ?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። አዎ፣ ይቺ ብቻ። ስኳት አንድ ጡንቻ አይደለም የሚያሠራው፤ ጭን፣ መቀመጫ፣ ወገብና ሆድ አንድ ላይ ይሠራሉ። ቤንች ደረትን፣ ትከሻንና የክንድን ኋላ ያሠራል። ዴድሊፍት አንድ ዙር ብቻ የሆነው ከሁሉም ስለሚከብድ ነው። ጀርባ በስኳትም በሮውም ስለሚሠራ አንዱ ዙር ይበቃዋል። የክንድ ነገር ካላስቻላችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት ዙር ከርል፣ ማለትም ክንድን እያጠፉ ማንሳት፣ ጨምሩ። ከዋናው ሥራ በፊት ግን አይሁን።

ስለ ቀኖቹ አንድ ነገር ልበል። ብዙ የውጭ ፕሮግራሞች ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይላሉ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ይህ ማለት ከሦስቱ ቀን ሁለቱን በባዶ ሆድ ወይም ያለ እንቁላልና ሥጋ ልትሠሩ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አድርጉት። የእህቴ ልጅ ይህን ለውጥ ያደረገችው ገና ከመጀመሪያው ነው።

ሦስተኛ፦ አሠራሩን ቀለል ባለ ነገር ተማሩ

ስኳት ላይ እግራችሁ የትከሻ ስፋት ይኑረው፣ ጣቶቹ ትንሽ ወደ ውጭ ይዙሩ። ጉልበታችሁ ጣቶቻችሁ ወዳዩበት ይሂድ። ዳሌያችሁ ከጉልበታችሁ ዝቅ እስኪል ውረዱ። መውረድ ካስፈራችሁ በርጩማ ላይ ቁጭ ብድግ በሉ፣ ያለ ምንም ክብደት። ሁለት ሦስት ቀን ከሠራችሁት በኋላ በርጩማውን አንሱት። ከመውረዳችሁ በፊት አየር በደንብ ወደ ውስጥ ሳቡና ሆዳችሁን ሰው በቡጢ ሊመታው እንደመጣ አድርጋችሁ አጠንክሩ። ከወጣችሁ በኋላ አየሩን አስወጡ።

ዴድሊፍት ላይ ባሩ ከእግር መዳፋችሁ መሃል ትክክል በላይ ይሁን፣ ቅልጥማችሁን ሊነካ ምንም ያህል ሳይቀረው። ጀርባ ቀጥ ይበል። ባሩን ከመሬት አትንጠቁት፤ መጀመሪያ ክንዳችሁን ወጥሩና መሬቱን በእግራችሁ ግፉ።

ቤንች ላይ አውራ ጣታችሁ ባሩን ይዙረው። አውራ ጣትን ሳያዞሩ የሚገፉ ብዙ አሉ፤ ባሩ አንድ ቀን ተንሸራቶ ደረት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከባድ ዙር ላይ «ያዝልኝ ወንድሜ» ማለት አያሳፍርም። የሚይዝላችሁ ከሌለና ራኩ (ባሩ የሚቀመጥበት ማቆሚያ) የደኅንነት መያዣ ብረት ከሌለው፣ የፕሌቱን መቆለፊያ አታድርጉ። ባሩ ደረታችሁ ላይ ከቀረ ወደ አንድ ጎን አዘንብላችሁ ፕሌቱን ማራገፍ ትችላላችሁ።

ስልካችሁን ከጎን አቁሙና አንድ ዙር ቅረጹ። በስሜት ዝቅ ያልን የሚመስለን ስኳት በቪዲዮ ግማሽ ሆኖ ይገኛል። ጫማ ስስና ጠፍጣፋ ሶል ያለው ይሁን። ተራ ሸራ ጫማ ይበቃል። የመሮጫ ጫማ ስፖንጅ ስለሆነ ከባድ ነገር ስትሸከሙ ያወዛውዛል።

አራተኛ፦ በስንት ልጀምር?

ባዶ ባር ይዛችሁ አምስት ሥሩ። ቀለለ? 5 ኪሎ ጨምሩና አምስት ሥሩ። እንደገና ጨምሩ። አምስተኛው ድግግሞሽ ከመጀመሪያው በግልጽ ሲዘገይ አቁሙ። ከዚያ አንድ እርከን ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የመጀመሪያ ቀን ኪሏችሁ እሱ ነው። በዚያ ሦስቱን ዙር ሥሩና ወደ ቤት ሂዱ።

ቀላል ሊመስላችሁ ይገባል። ይህን ያልኩት ለማጽናናት አይደለም። በሳምንት ሦስት ጊዜ 2.5 ኪሎ እየጨመራችሁ በአንድ ወር ወደ 30 ኪሎ ትጠጋላችሁ። መሮጫ ቦታ ያስፈልጋችኋል። ከአቅማቸው ጫፍ የጀመሩ ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ይገጫሉ፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ይለውጣሉ።

ባዶ 20 ኪሎ ባር ከራስ በላይ መግፋት የማይችል ጀማሪ ብዙ ነው። የእህቴ ልጅ 58 ኪሎ ነበረች፣ ሾልደር ፕሬስን የጀመረችው በ10 ኪሎ አጭር ባር ነው። ምንም አይደለም።

አምስተኛ፦ ማሟሟቅና ማረፍ

ማሟሟቅ ማለት ለሃያ ደቂቃ ትሬድሚል ላይ መሮጥ አይደለም። አምስት ደቂቃ ሰውነታችሁን አሙቁና ወደ ባሩ ሂዱ። የቀኑ ስኳት 60 ኪሎ ነው እንበል። ባዶውን ባር 5 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ቀጥሎ 30 ኪሎ 5 ጊዜ፣ 40 ኪሎ 3 ጊዜ፣ 50 ኪሎ 2 ጊዜ። ከዚያ 60ውን 5-5-5። ክብደቱ ሲጨምር ድግግሞሹ የሚቀንሰው ለዋናው ሥራ ጉልበት እንዲተርፍ ነው።

በዋናዎቹ ዙሮች መሃል 3 ደቂቃ እረፉ። እየከበደ ሲሄድ 5 ደቂቃ። ይህ ብዙ ሰው የሚያቃልለው ነገር ነው። ዕረፍት ሲያጥር አምስተኛውን ድግግሞሽ የሚከለክላችሁ የጉልበት ማነስ ሳይሆን ድካም ነው። ጂሙ ሲጨናነቅ ሰው መጥቶ «ስንት ቀረህ?» ማለቱ አይቀርም። «ሁለት ዙር ቀረኝ፣ እየተቀያየርን እንሥራ» በሉት። እሱ ሲሠራ እናንተ ታርፋላችሁ።

ከውጭ ለዕረፍት አዲስ አበባ የምትመጡ ልጆች፣ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለ አስቡ። መጀመሪያ ሰሞን ትንፋሽ ያጥራል። ያኔ ኪሎ አትጨምሩ፣ ያላችሁን ይዛችሁ ዕረፍቱን አርዝሙ።

ስድስተኛ፦ መጨመርና መጻፍ

ሕጉ አንድ ነው። 5-5-5 በንጹሕ አሠራር ከወጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጨምሩ። ካልወጣ አትጨምሩ።

ስኳት ላይ 2.5 ኪሎ። ጠንከር ያለ ወንድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 5 ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ከዚያ ወደ 2.5 ይመለስ። ዴድሊፍት ላይ 5 ኪሎ፣ ሲከብድ 2.5። ቤንች፣ ሮውና ሾልደር ፕሬስ ላይ 2.5፣ ብዙም ሳይቆይ 1 ኪሎ።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ፣ በተለይ ብዙ ሴት፣ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ከእህቴ ልጅ ደብተር አንድ ገጽ ላሳያችሁ፤ ሦስተኛው ሳምንት ነው።

«ሐሙስ፣ ቀን ለ። እንቅልፍ 6 ሰዓት ብቻ።
ስኳት 37.5፦ 5-5-5
ሾልደር 17.5፦ 5-5-3
ሮው 27.5፦ 5-5-5
ሾልደር ላይ 1 ደቂቃ ብቻ ነው ያረፍኩት። ሰው እየጠበቀኝ ነበር።»

ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ትከሻዬ ቆመ፤ ፕሮግራሙን ልቀይረው?» አለች። አይሆንም አልኳት። ገጹን እንደገና አንብቢው። ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋል። በቀጣዩ ቀን ለ ያንኑ 17.5 ኪሎ ያዘች፣ በዙሮቹ መሃል ሦስት ደቂቃ አረፈች፣ 5-5-5 ወጣ።

ግን ሌላም ነገር አለ። 37.5 ላይ 2.5 ኪሎ ሲጨመር 7 በመቶ አይሞላም። 17.5 ላይ ሲጨመር ግን 14 በመቶ ነው። ያው ፕሌት ለትከሻ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። አብዛኛው ጂም ውስጥ ያለው ትንሹ ፕሌት 1.25 ኪሎ ነው። በሁለቱም ጎን ስለሚገባ ከ2.5 በታች መጨመር አይቻልም። መላው ይሄ ነው። ሁለት ካልሲ ውሰዱ። በእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ አሸዋ ጨምሩ፣ ሱቅ ሄዳችሁ አስመዝኑት። ጫፉን ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩና ከፕሌቱ ጋር በፕላስተር እሰሩት፣ እንዳይወዛወዝ። አሁን 1 ኪሎ መጨመር ትችላላችሁ። ይህቺ ካልሲ የእህቴን ልጅ ሾልደር ፕሬስ ለተጨማሪ ሁለት ወር አስኬዳለች።

የሲሚንቶ ክብደት ብቻ ያላችሁ፣ ወይም ዳምቤሉ (በአንድ እጅ የሚያዘው አጭር ክብደት) ከ8 ዘሎ 10 ኪሎ የሚሆንባችሁ፣ በኪሎ ፈንታ በድግግሞሽ ጨምሩ። በ8 ኪሎው 8-8-8 ከሠራችሁ በሚቀጥለው 9-9-9 ሞክሩ። 12-12-12 ሲደርስ ወደ 10 ኪሎው እለፉና እንደገና ከ8-8-8 ጀምሩ። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይሠራል።

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ በእያንዳንዱ ዙር የወጣውን ድግግሞሽ፣ የተኛችሁትን ሰዓት ጻፉ። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ምንም ሳትበሉ፣ ሰውነታችሁን ተመዝናችሁ እሱንም ጻፉ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል። እኔ ደብተር የምመርጠው ስልክ ሲከፈት ሌላ ነገር ስለሚመጣ ነው።

ሰባተኛ፦ ሲቆም

አንድ ቀን 5-5-5 አይወጣም። 5-4-3 ይሆናል። ያንኑ ኪሎ በሚቀጥለው ጊዜ ድገሙት። ብዙ ጊዜ ይወጣል።

ሁለተኛም ካልወጣ ኪሎውን ሳይሆን ኑሯችሁን መርምሩ። ስንት ሰዓት ተኛሁ? ምን በላሁ? ስንት ደቂቃ አረፍኩ? በዕረፍት ቀኔ ኳስ ተጫወትኩ? ለሦስተኛ ጊዜም ካልወጣ ከኪሎው 10 በመቶ ቀንሱ። 60 ላይ ከቆማችሁ ወደ 55 ወይም 52.5 ውረዱ። ከዚያ እንደገና በ2.5 ውጡ። 60 ላይ ስትደርሱ አብዛኛውን ጊዜ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። የቀነሳችሁት የቆመውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ጉዟቸውን ይቀጥሉ።

መቀነስ ያማል፣ አውቃለሁ። ጎረቤት ባሩ ላይ ያለ ሰው ሲጨምር እናንተ ፕሌት ስታወርዱ ሰው ሁሉ የሚያያችሁ ይመስላችኋል። ማንም አያያችሁም። ሹል የሆነ ሕመም፣ በተለይ መገጣጠሚያ ላይ፣ ከተሰማችሁ ግን ይህ መቆም አይደለም፤ የዚያን ቀን ሥራ አቁሙ። ካልተወ ሐኪም ይየው።

ስምንተኛ፦ ምግብ፣ ጾም፣ እንቅልፍ

ለሚጠነክር ሰው በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ጥሩ ግብ ነው። ለ58 ኪሎ ሰው ወደ 93 ግራም ይመጣል። ብዙ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሦስት እንቁላል 18 ግራም ያህል አለው። ሁለት ብርጭቆ ወተት 16። መቶ ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 26። አንድ ትልቅ ጭልፋ ወጥ የሚሆን 200 ግራም የበሰለ ምስር 18። ይህ ብቻ 78 ነው። ቀሪውን እንጀራው፣ ዳቦውና ሽሮው ይሞሉታል። የፕሮቲን ዱቄት መግዛት ግዴታ አይደለም።

ጾም ላይ ነገሩ ይጠብቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ድረስ የማይበላም አለ። በዚህ ወቅት ጉልበት እየጨመርኩ እሄዳለሁ ብሎ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም። የደረሳችሁበትን ኪሎ ያዙ። ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ውረዱ። የምትሠሩበትን ሰዓት ጾሙን ከፈታችሁ በኋላ፣ ወደ ማታ አድርጉት። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ ከወትሮው በዛ አድርጋችሁ ብሉ፤ መቶ ግራም ኦቾሎኒ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከፋሲካ በኋላ 10 በመቶ ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ በጥቂት ሳምንት ቦታችሁ ትመለሳላችሁ። ረመዳንን የምትጾሙም እንዲሁ፤ ከኢፍጣር በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ መሥራት ውኃ ጠጥታችሁ እንድትገቡ ያደርጋል።

እንቅልፍ ከ7 ሰዓት አይነስ። የእህቴን ልጅ ደብተር ስገልጥ 5-5-5 ያልወጣባቸው ቀኖች አብዛኞቹ አጠገባቸው «እንቅልፍ 5 ሰዓት» ወይም «6 ሰዓት» ተጽፎባቸዋል።

አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ልጨምር። በየጂሙ ጀማሪ ልጆችን ጠጋ ብሎ መርፌ ወይም ኪኒን የሚያሳይ ሰው አለ። ስቴሮይድ ሰውነታችሁ በራሱ የሚሠራውን ሆርሞን ያቆመዋል፣ ልብን ይጎዳል፣ በኪኒን የሚወሰደው ደግሞ ጉበትን ይጎዳል። ገና በየሁለት ቀኑ 2.5 ኪሎ እየጨመረ ያለ ልጅ ይህን ሊወስድ የሚችልበት አንድም ምክንያት የለም። ታናናሾቻችሁን ጠብቁ።

እናቶች ደግሞ «ልጄ ወንድ ልትመስል ነው» ብለው ይሰጋሉ። እህቴም ሰግታ ነበር። የሴት ቴስቶስትሮን (የወንድነት ሆርሞን የሚባለው) ከወንድ እጅግ ያነሰ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ስኳት ማንንም ወንድ አያስመስልም። እህቴ የረጋችው በእኔ ማስረዳት አይደለም። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ 25 ኪሎ ጤፍ ያለ ማንም እርዳታ ከታክሲ አውርዳ ቤት ስታስገባ አይታ ነው።

ዘጠነኛ፦ የጀማሪነት ጊዜ ሲያልቅ

አንድን እንቅስቃሴ ሁለት ሦስት ጊዜ በ10 በመቶ ቀንሳችሁ፣ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ካልሲውንም ተጠቅማችሁ፣ አሁንም እዚያው ኪሎ ላይ የሚቆም ከሆነ ጀማሪነታችሁ በዚያ እንቅስቃሴ አብቅቷል። ለአንዱ በሦስት ወር፣ ለሌላው በስምንት ወር ይመጣል። ሾልደር ፕሬስ ቀድሞ ያልቃል፣ ዴድሊፍት መጨረሻ ላይ።

ከዚህ በኋላ ጭማሪው በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በሳምንት አንዴ ይሆናል። ሦስቱ ቀን አንድ ዓይነት መሆናቸውም ይቀራል፤ አንዱ ብዙ ሥራ፣ አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ። የእህቴ ልጅ ስኳት አሁን በዚህ መልክ ነው የሚሄደው። ባለፈው ቅዳሜ 70 ኪሎ በ5 ወጥቶላት ከሆነ፣ ማክሰኞ 90 በመቶውን፣ ማለትም 62.5 ኪሎን፣ አምስት ዙር በ5 ትሠራለች። ይህ የሚያደክመው ቀን ነው። ሐሙስ 50 ኪሎ ሁለት ዙር በ5፣ ሰውነቷን ለማፍታታት ያህል። ቅዳሜ 72.5 ኪሎ፣ አንድ ዙር፣ አምስት ድግግሞሽ። ከወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ካልወጣ ሳምንቱን ትደግመዋለች። ሌሎቹ አራቱ እንቅስቃሴዎች ገና በድሮው መንገድ እየጨመሩ ከሆነ አትንኳቸው።